ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ልስኑ የወደቀው ሲስተር የባሏን ጣት ወግታ የደሙን ጠብታ የስኳር መለኪያ ማሽኑ ላይ በምታሳርፍበት ሰዓት ነበር። ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሳህን ስፋት ያለው ቁራጭ ተገንጥሎ ጠረጴዛው ላይ ተከሰከሰ፤ አቧራው ሁለቱንም ወፍጮ ቤት የዋሉ አስመሰላቸው። ሲስተር ግን ከማሽኑ ዓይኗን አላነሳችም። ዕድሜዋን በሙሉ ሆስፒታል ያገለገለች ነርስ ናት፤ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም፣ ባሏም ሳይቀር፣ ሲስተር ነው የሚላት። መጀመሪያ የማሽኑን ቁጥር አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«ሁለታችሁም ደህና አይደላችሁም» አለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ሲገፋፋ ያረጀ ሰው ነው። ሾፌሩ ይሉታል። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲስተርም ያን ጊዜ ከቤቷ ጣፋጭ የሚባል ነገር ጠራርጋ አውጥታለች።

ልስኑ በወደቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱን መመርመር ጀመረች። ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው አሮጌ ቤት ነው። የበሽተኛ ደረት እንደምታዳምጥ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ በጣቷ ታንኳኳለች። ድፍን ድምፅ ከሰጣት ታልፋለች፤ ባዶ ድምፅ ከሰጣት በጠመኔ ኤክስ ታደርግበታለች። ሳሎኑ ሲያልቅ ኩፍኝ የወጣበት መስሎ ነበር። ሾፌሩ ጠመኔ አቀባይ ሆኖ በእርጋታ ይከተላታል። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቀድሟት ገባና ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ቆመ።

«ይሄኛው ግድግዳ ደህና ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«አጠገቡ አይደል የምተኛው? አንድ ቀን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም።»

«ድምፅ ሳያሰማ የሚሞት በሽተኛ ስንቱን አይቻለሁ» አለችና ጠመኔውን ኪሷ ከተተች። «ለማንኛውም ቁም ሳጥኑን ለሳኙ ሲመጣ ያነሳዋል።»

ሾፌሩ ክው አለ። እንዲህ የሆነበትም ምክንያት አለው።

ያ ግድግዳ ከጎረቤት ኬክ ቤት ጋር የጋራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኬክ ሰሪው የቆየ መደርደሪያውን ሲነቅል አንድ ጡብ አብሮ ወጣና ተሰበረ። በቀዳዳው አጮልቆ ሲያይ ከወዲያ በኩል የቁም ሳጥን ጀርባ አየ፤ በጣቱም ቆረቆረው። ሾፌሩ ያን ጊዜ ካልሲ እየፈለገ ስለነበር ድምፁን ሰማ። ምን እንደተነጋገሩ እነሱ ያውቃሉ፤ በማግስቱ ግን ሾፌሩ ሲስተር ገበያ በሄደችበት መጋዝ አንስቶ የቁም ሳጥኑን ጀርባ፣ ልክ ከካፖርቱ ኋላ፣ እጅ በሚያሳልፍ ስፋት ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሲስተር በየጠዋቱ ገላዋን በምትታጠብበት ሰዓት ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። ሾፌሩ ቁም ሳጥኑን ይከፍታል፣ በካፖርቱና በሱፉ መሃል እጁን ይሰዳል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ኬክ ይቀበላል። እዚያው ልብሶቹ መሃል ጭንቅላቱን ከትቶ ይበላዋል። ፍርፋሪውን የሚቀበለው የአሮጌ ጫማው አፍ ነው።

የማሽኑ ቁጥር ታዲያ አልወርድ ይላል። ሲስተር መጀመሪያ ዳቦ ቀነሰችበት። ቀጥላ ድንች ከለከለችው። ቀጥላ ፍራፍሬውን በግማሽ አደረገችው። ባሏ ብቻውን ሲቀር ሆድ እንዳይብሰው ብላ እሷም አብራው ተወች፤ ሻይዋን እንኳ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ሾፌሩ ይህን ሲያይ አንዳንድ ቀን ጉሮሮው ይተናነቀዋል። ግን ኬኩ ሲመጣ ጉሮሮው መልሶ ይከፈታል።

እና አሁን ቤቱ ሊለሰን ነው። ሾፌሩ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሲስተር የምትፈልገው የሚታመን ለሳኝ ነው፤ የሚታመን ለሳኝ ደግሞ ቁም ሳጥን ያነሳል። ስለዚህ እሱ የማይታመነውን ማግኘት አለበት።

«ለሳኝ ፍለጋውን ለኔ ተዪው» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «በሥራ ዘመኔ ያላወቅኩት ባለሙያ የለም።»

ሲስተር ገረማት። ይህ ሰው የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር እንኳ ወር ነበር የሚፈጅበት።

በዚያው ሳምንት ቤቱን አዘጋጁ። ፎቶዎቹ ወረዱ፣ ሚስማሮቹ ተነቀሉ፣ መጋረጃው ታጥቦ ታጠፈ። ዕቃው ሁሉ ወደ ክፍሎቹ መሃል ተሰብስቦ ላስቲክ ለበሰ። ሲስተር ማብሪያ ማጥፊያዎቹን እንደ ቁስል በፕላስተር ሸፈነቻቸው። ቁም ሳጥኑ ብቻ ከነክብሩ ቦታው ላይ ቀረ፤ ሾፌሩ «እግሩ የታመመ ነው፣ ካንቀሳቀስነው ይፈርሳል» ብሎ ስለማለላት።

የመጀመሪያው ለሳኝ ሰፈሩ ሁሉ አቶ ነገ የሚለው አፈ ቅቤ ሰው ነው። ሾፌሩ ስሙን ሰምቶ ነው የመረጠው። መጣ፣ ግድግዳውን ከበር ላይ ሆኖ አየ፣ ቤቱን አደነቀ፣ ሲስተርን መረቀ፣ «ነገ ጠዋት እጀምራለሁ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። በማግስቱ ማግስትም አልመጣም። ባልና ሚስቱ በላስቲክ በተሸፈነ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሲንቀሳቀሱ እየተንኮሻኮሸባቸው፣ ቀናቱን ገፉ። ሲስተር ሳይሆን ሾፌሩ ነበር ደስተኛው፤ ቁም ሳጥኑን በዚህ ዓይነት የሚያነሳው የለም። በመጨረሻ ሲስተር ራሷ ደወለች።

«መንገድ ላይ ነኝ እትዬ፣ እየደረስኩ ነው» አለ አቶ ነገ። ከኋላው የፑል ኳሶች ሲጋጩ፣ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

«መንገዱ ላይ ፑል አለ እንዴ?» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

ሁለተኛው ለሳኝ ዘናጭ ነበር። አንድ የሲሚንቶ ነጥብ የሌለበት ጫማ አድርጎ መጣና ግድግዳውን ሳያይ ስልኩን አወጣ። የሠራቸው ቤቶች ናቸው ብሎ ፎቶ በፎቶ ላይ ያሳያቸው ጀመር። ሾፌሩ እንደ ወዳጅ ትከሻውን አቅፎ ወደ መኝታ ቤት ወሰደው።

«ይህን ቁም ሳጥን ማንሳት ያስፈልጋል ትላለህ?» አለው በለሆሳስ።

«ለምን ሲባል ጋሼ? ዙሪያውን እንለስነዋለን። ከኋላው ማን ያየዋል?»

ሾፌሩ ሊስመው ምንም አልቀረውም። እጁን ይዞ ወደ ሲስተር መለሰው፤ «አገኘን» አላት።

ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። «ይሄ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ቆንጆ ነው። ከሥሩ የሆቴሉ ስልክ ተጽፏል። ደውለን እንጠይቃቸው?»

ሰውዬው ስልኩን ቶሎ ኪሱ ከተተ። «ዋናው ሥራው ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን። የተለቀቀውን አሮጌ ልስን ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም። ከላዩ ላይ እንደርብበታለን። ካማረ ምን አለበት?»

«ቁስል ሳይጠረግ ፋሻ ይታሰራል?»

ሾፌሩ ስለ ሰውዬው ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ የሲስተርን ዓይን አየ፣ አፉን ዘጋ። ሰውዬውን እስከ በር ድረስ የሸኘችው ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ፍለጋውን ሲስተር ወሰደችው። እንደሷ ያለ አፈላለግ ሾፌሩ አይቶ አያውቅም። የሚያምር ግድግዳ ባየችበት ቤት በር ታንኳኳለች፣ ባለቤቶቹን ሰላም ትላለች፣ ባሏን ከኋላዋ አቁማ የሰው ሳሎን ግድግዳ ትዳብሳለች። «መቼ ነው የተለሰነው? ማን ለሰነው? ባለው ቀን መጣ? ሲጨርስ ጠርጎ ሄደ ወይስ ለእናንተ ተወው?» ሾፌሩ በእፍረት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ከብዙ ግድግዳ በኋላ አንድ ስም መደጋገም ጀመረ፤ ውሃ ልክ። ቅጽል ስሙ ነው። ግድግዳ መዛነፉን የሚለካበትን ውሃ ልክ ከእጁ ስለማይለይ፣ ሰው ቤት ሻይ ሲጋበዝ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አረፋዋን ሳያይ ስለማይጠጣ ነው ይባላል። ከለሰናቸው ቤቶች የአንዱ ባለቤት የሆነች አሮጊት «ጨዋ ነው፤ ግን አንዴ ያየውን አላየሁም አይልልሽም» አለች። የሾፌሩ ወሽመጥ ቁርጥ አለ።

ውሃ ልክ ባለው ቀን፣ ባለው ሰዓት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። የሲስተርን ኤክሶች አንድ በአንድ እያንኳኳ ዞረ። ሦስቱን በአውራ ጣቱ አጠፋቸው፤ ሲስተር ያላየቻቸውን ሌሎች ጨመረ። ሲስተር ከኋላው ስትከተል ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሾፌሩ በሠርጋቸው ቀን ብቻ ያየው ዓይነት ነው። መኝታ ቤት ሲገቡ ውሃ ልክ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመ።

«ከዚህ ኋላ ያለውን ሳላይ ይህን ያህል ሥራ ነው ብዬ አልናገርም።»

«እግሩ የታመመ ነው» አለ ሾፌሩ።

ውሃ ልክ ጎንበስ ብሎ የቁም ሳጥኑን አራት እግሮች አየ፣ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ቀና አለ። «ከዚህ ቤት ውስጥ ጤነኛው እግር የዚህ ነው፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት እናነሳዋለን።»

ሾፌሩ ሲሸኘው በር ላይ ክንዱን ያዘው። «ስማ የኔ ወንድም፣ ያችን ግድግዳ ብትተዋት ምን ይልሃል? ብርድ እንኳ የማይገባባት ናት።»

«ምን አለ ከኋላው?»

«ምንም።»

«ምንም ከሌለ ብናየውም ምንም አንሆን።» ሄደ።

የቀረው ተስፋ አንድ ነበር። ሾፌሩ ጋዜጣ አጨማደደ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ወገቡ ድረስ ገባ፣ አፉን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ከወዲያ በኩል ትልቁ የማቡኪያ ማሽን ያጓራል። ኬክ ሰሪው በዚያ ማሽን ጩኸት ጆሮው ከደከመ ቆይቷል።

«ነገ ጠዋት እንዳትሰጠኝ» አለ ሾፌሩ፣ መጮህም ማንሾካሾክም ባልሆነ ድምፅ። «ሰው ይመጣል።»

«ምን አልክ?»

«ነገ ጠዋት እንዳትሰጠኝ። ሰው ይመጣል።»

«እሺ እሺ፣ ገባኝ» አለ ኬክ ሰሪው።

ሾፌሩ እፎይ ብሎ ቀዳዳውን በጋዜጣው ጠቀጠቀው።

በማግስቱ ውሃ ልክና ሾፌሩ ቁም ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱት። እግሩ ደህና ነበር። ከኋላው የነበረው ልስን ግማሹ ረግፏል፤ መሃል ላይ የጡብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ጋዜጣ ተወትፎበት ቁጭ ብሏል። ከቀዳዳው አፍ እስከ ወለሉ የጉንዳን ሠልፍ ይወርዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሲስተር።

«አይጥ ነው» አለ ሾፌሩ ፈጥኖ። «ትልቅ አይጥ።»

ውሃ ልክ የቁም ሳጥኑን ጀርባ አዞረ። በመጋዝ የተቆረጠው ቀዳዳ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙም እጅ እንዳይወጋ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ለስልሷል። በቀዳዳው ውስጥ የካፖርቱ ጀርባ ይታያል።

«ጋዜጣ የሚያነብ፣ አናጺነት የሚችል አይጥ ነው» አለ ውሃ ልክ። ፊቱ አልሳቀም።

ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሾፌሩ ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ማንም ሳይነካው ጋዜጣው ወደፊት ተንፏቀቀ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ትንሽ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ዱብ ብሎ ሲስተር እግር ሥር ወደቀ። ተከትሎ ዱቄት የነካው እጅ ብቅ አለ፤ መዳፉ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት አለ።

ሲስተር ሾፌሩን አላየችውም። ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ተቀበለች።

«ቶሎ በል፣ ሲስተር ከመታጠቢያ ቤት ሳትወጣ» አለ የኬክ ሰሪው ድምፅ። «እንድሰጥህ እንዳልከኝ አዘጋጀሁ። ሰው ይመጣል ስላልክ ሁለት አድርጌዋለሁ። የክሬሙን ነው።»

ሾፌሩ ያኔ ገባው። እንዳትሰጠኝ ሲለው ኬክ ሰሪው እንድትሰጠኝ ብሎ ነው የሰማው። አንዲት ፊደል ጉድ አፈላችበት።

ሲስተር ወረቀቱን ቀስ ብላ ፈታች። ሁለት ኬኮች ከነትኩሳታቸው። ላያቸው ላይ ስኳር እንደ አመዳይ ተነስንሷል። አንዱን ለውሃ ልክ ሰጠችው፤ እሱም በሥራ ልብሱ እጁን ጠርጎ ተቀበለ። ሌላውን አሸተተችው። ከዚያ በላችው። እንደ ቸኮለ ሰው ሳይሆን በዝግታ፣ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና በላችው። ሾፌሩ ስንት ዓመት ጣፋጭ እንዳልቀመሰች፣ ስለማን ብላ እንዳልቀመሰች ሊያስብ አልፈለገም፤ ግን አሰበው። ውሃ ልክም አፉን ሞልቶ ያኝካል። ክፍሉ ውስጥ ምንም ያልደረሰው ሾፌሩ ብቻ ነው።

ስትጨርስ ጣቷን ላሰችና ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች። «ክሬሙ በዝቷል» አለች፣ በሰላምታ ድምፅ።

ከወዲያ በኩል ትልቅ ትሪ ሲወድቅ ተሰማ።

ሲስተር ያን ቀን እስከ ከሰዓት አልተናገረችም። ሾፌሩ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ላስቲክ የለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በተነፈሰ ቁጥር እየተንኮሻኮሸበት፣ ፍርዱን ጠበቀ። በመጨረሻ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እኔ ማሽኑን ነበር የጠረጠርኩት» አለች። «ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት። ሐኪሙን ተጣላሁት፣ መድኃኒቱ አይሠራም ብዬ። ድንች ከለከልኩህ። ከልጅነቴ ድንች የምወደው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አብሬህ ተውኩ።»

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ።

«ውሃ ልክ አሮጌውን ልስን የሚያራግፍለት ሰው ይፈልጋል» አለች። «አንተን ሰጥቼዋለሁ።»

ከዚያ የድሮ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ማሽኑን ይዛ፣ በኬክ ቤቱ የፊት በር ገባች። ደንበኞች ፊት የኬክ ሰሪውን ጣት ወግታ ቁጥሩን ጮክ ብላ እንዳነበበችለት፣ እሱም ቁጥሩን ሲሰማ ወንበር እንደፈለገ ኋላ ላይ ራሱ ነው ለሾፌሩ የነገረው። ከቀኑ ጋገራ በኋላ እሱም ፍርስራሽ እንዲያወጣ ተፈረደበት።

ሁለቱ ወዳጆች በዚያ ሳምንት የሠሩትን ያህል በዕድሜያቸው ሠርተው አያውቁም። ሾፌሩ በመሮና በመዶሻ አሮጌውን ልስን ሲያራግፍ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ሲጠርግ፣ አሸዋ ሲነፋ፣ ውሃ ሲያመላልስ ይውላል። ኬክ ሰሪው ፍርስራሹን በከረጢት ይሸከማል። ውሃ ልክ ከኋላቸው እየመጣ «እዚህ ጋ አልጠራም» ይላል፣ ሌላ አይናገርም። ሾፌሩ ማታ ማታ ወገቡን ይዞ ይቃትታል፤ ሲስተር በቅባት ታሸዋለች፣ ግን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጋ።

ቀዳዳውን የደፈኑት ራሳቸው ናቸው። ውሃ ልክ አዲስ ጡብ አምጥቶ ለሾፌሩ ሰጠው፤ ኬክ ሰሪው ከወዲያ በኩል ሊደግፍ ዞረ። ጡቡ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው በክፍተቷ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ደህና ሁን እንግዲህ» አለ ኬክ ሰሪው።

«በሩ እኮ ክፍት ነው፤ ሱቅ አይደለም እንዴ ያለህ?» አለች ሲስተር ከኋላ። «በበሩ ይመጣል። ከኔ ጋር ይመጣል።»

ሾፌሩ ጡቡን ገፋ።

ውሃ ልክ ግድግዳውን አርጥቦ የመጀመሪያውን ሲሚንቶ በግንበኛ ማንካው ሲወረውር ሲስተር ወንበር አምጥታ ተቀምጣ ታይ ነበር። ጨርሶ ሲሄድ ወለሉን ጠርጎ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ገልጦ፣ ላስቲኩን አጥፎ ነው የሄደው። የኬክ ቤቱ ምድጃ ሙቀት ያኛውን ግድግዳ ቶሎ አድርቆ እንዳይሰነጥቀው ጠዋትና ማታ ውሃ ይርከፈከፍበት አለ፤ ያም ለሾፌሩ ተሰጠ።

ቤቱ እርጥብ አሸዋ አሸዋ በሚሸትበት አንድ ከሰዓት፣ ሲስተር የባሏን ጣት ወጋች። ማሽኑን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አየች። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ከዚያ ማሽን ወጥቶ አያውቅም ነበር። መርፌውን ወደ ማስቀመጫው መለሰችና አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከክሬሙ ሌላ» አለች አዲሱን ግድግዳ እያየች፣ «ምን ምን ይሰጥህ ነበር?»

ሾፌሩ ወጥመድ መሆኑን ሊያረጋግጥ በጎን አያት። ወጥመድ አይመስልም። ጉሮሮውን ጠረገና የአውቶቡስ ማቆሚያዎችን እንደሚጠራ በተራ ጀመረ፤ ቸኮላቱን፣ የሎሚውን፣ ውስጡ ማርማላታ ያለበትን፣ ላዩ ላይ ለውዝ የተነሰነሰበትን።

«ለውዙ ላይ ቆይ» አለች ሲስተር። «እሱን ቀስ ብለህ ንገረኝ።»